ኮ-ኦፕ ዕቁብ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ቤት ገዛሁ» ብሎ ደወለልኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ፣ ኮንዶ ነው ወይስ ኮ-ኦፕ አልኩት። «ኮ-ኦፕ ነው መሰለኝ፤ ምን ልዩነት አለው? ያው ቤት ነው» አለኝ።

ልዩነትማ አለው! ኮንዶ የገዛ ሰው አፓርታማው በስሙ ይመዘገባል። በኮ-ኦፕ ግን ሕንጻው በሙሉ የማኅበሩ ነው፤ አባሉ የሚገዛው ድርሻና በአንዱ አፓርታማ የመኖር መብት ነው። የሕንጻው ብድርም፣ የንብረት ግብሩም በማኅበሩ ስም ስለሆነ ጎረቤት ወርሃዊ ክፍያውን ሲያቆም ጉድለቱን የሚሸፍነው ሌላው ነው። ካልተሸፈነ ባንኩ የሚመጣው በሕንጻው ላይ ነው።

ግራ መጋባታችን ካገር ቤት የመጣ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ የቤት ሥራ ማኅበር ሲባል አባላቱ ተደራጅተው ቦታ ይመራሉ፣ ያሠራሉ፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ይይዛል። ዕቁብ በሉት፤ የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ ይበተናል። ኮ-ኦፕ ግን ዕድር ነው። መዋጮውም ስብሰባውም አያልቅም።

እኔ በኖርኩበት ኮ-ኦፕ ቦይለሩ ዕድሜውን ጨርሷልና ወርሃዊውን ጥቂት ጨምረን መጠባበቂያ እናስቀምጥ ብል፣ ያገሬ ልጆች «ይሄ ኢንጂነር ደግሞ ሟርተኛ ነው» ብለው ድምፅ ነፈጉኝ። ገሚሱ ጭራሽ ስብሰባ አልመጣም። ጥር ላይ ቦይለሩ ቆመ። አሥራ አንድ ቀን በብርድ ከረምን፤ ከዚያ የወርሃዊው አራት እጥፍ የሆነ መዋጮ ባንዴ ተጣለብን። ያኔ ሁሉም «ቦርዱ በላው» አለ። (ቦርዱ ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ተለምኖ ነበር የሚገኘው።)

ወቀሳዬ በነዋሪው ላይ ብቻ አይደለም። የዲሲ ሕግ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አከራይ ሕንጻውን ሲሸጥ ተከራዮች ቀድመው የመግዛት ዕድል እንዲያገኙ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ቢሻሻልም ብዙ ኮ-ኦፖች የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ከከተማው የተደጎመ ብድር ሲገኝ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የድርሻው መሸጫ ዋጋ ይገደባል፤ ለቀጣዩ ገዢም ርካሽ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ተገቢ ነው እላለሁ። ግን ይህን ለእናቶቻችን በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ማን ነው? ሰነዱ እንግሊዝኛ፣ ፊርማው የኛ።

ወዳጄ በሦስት ዓመት ውስጥ አትርፌ ሸጬ ቨርጂኒያ ሙሉ ቤት እገዛለሁ ይላል። መተዳደሪያ ደንቡን ላክልኝና አብረን እንየው አልኩት። እስካሁን እየፈለገው ነው።