እንግሊዝኛን ለጀማሪ ስለ ማስረዳት፤ ከመተማ ቆላ አንጻር የቀረበ ሒስ

በሱዳን ወሰን ላይ በምትገኘው በመተማ የሚያድግ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በገበያ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይሰማል። ከተማይቱ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ከምዕራብ አፍሪቃ የመጡ ተክሩሮች ሰፍረውባት በነበረበት ዘመን፣ የደገኛውና የሱዳን ነጋዴ መገናኛ ነበረች። ሰሊጥና ጥጥ፣ ማሽላና ዕጣን በሚሸጥበት በዚያ ቆላ አማርኛ ይበዛል፤ የሱዳን ዐረብኛም ይሰማል፤ በአንዳንድ ቀበሌ ደግሞ ጉሙዝኛ ይነገራል። እንግዲህ ለብዙ የመተማ ልጆች እንግሊዝኛ የመጀመሪያው ባዕድ ቋንቋ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ እንግሊዝኛን የምናስረዳበት ልማድ ይህን የልጁን ዕውቀት ይጠቀምበታል ወይስ ይጥለዋል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ መሠረቱን ያልጨበጠ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ፊዚክሱም አብረው ይጠፉበታል። በወሰን ከተማ ደግሞ ቋንቋው ከክፍል ውጭም ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የብዙ አገር ዜጎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። እንዲህ ያለውን መንገደኛ «ከየት መጣህ? ምን ትሻለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ሕግ ሸምድዶ ማለፍ አይበቃም።

የተለመደው ማስረዳት ሁለት ጉድለት አለበት እንላለን። የመጀመሪያው፣ ስም መስጠትን እንደ ማስረዳት መቁጠሩ ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ «ይህ ሰብጀክት፣ ይህ ቨርብ፣ ይህ ኦብጀክት ይባላል» ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ለምን እንዳስፈለገ አልተነገረውም። በአማርኛ «ጅቡ አህያውን በላው» ብንልም «አህያውን ጅቡ በላው» ብንልም በላተኛው ጅቡ ነው፤ ተሳቢውን የምታስታውቀው «ን» ናትና። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ሃዪና ኤት ዘ ዶንኪ» የሚለውን ሁለቱን ስሞች ብናለዋውጥ አህያው ጅቡን በላ ማለት ይሆናል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ በስም መጨረሻ የሚገባ የተሳቢ ምልክት ነበረው፤ ያ ምልክት በጊዜ ብዛት ስለ ጠፋ ሥራውን ስፍራው ወሰደው። «የእኛን ‹ን› ሥራ በእንግሊዝኛ የሚሠራው ተራ ነው» ብሎ በጅብና በአህያ ያስረዳ መምህር፣ ከአንድ ሙሉ ሰሌዳ ስያሜ ይልቅ ረድቷል።

ሁለተኛው ጉድለት ቃል በቃል መተርጎም ነው። «ሁለት በሬዎች አሉኝ» በሚለው የአማርኛ አነጋገር ውስጥ ለማሠሪያ አንቀጹ ባለቤት የሆኑት በሬዎቹ ናቸው፤ ባለ ከብቱ በመጨረሻ በ«ኝ» ብቻ ይታወቃል። የሱዳኑም ዐረብኛ «ኢንዲ» ሲል «በእኔ ዘንድ» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ከፊት ያስቀምጠውና «አይ ሃቭ» ይላል። ይህ ሳይነገረው «ሃቭ ማለት አለ ማለት ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ፣ በሬውን ከፊት አቁሞ ቢሳሳት ስሕተቱ የማስረዳቱ እንጂ የስንፍናው አይደለም።

በአንጻሩ፣ ዐረብኛ የሰማው የመተማ ልጅ ከደገኛው የሚቀልለው ነገር አለ። አማርኛ «ቤቱ» ሲል የታወቀውን ነገር ምልክት ከቃሉ በኋላ ያደርጋል፤ ዐረብኛ «ኤል ቤት»፣ እንግሊዝኛም «ዘ ሃውስ» ሲሉ ከፊት ያደርጉታል። በቍጥርም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ሦስት ጆንያ» ማለት ያስኬዳል፤ ዐረብኛው «ታላታ ሸዋላት»፣ እንግሊዝኛውም «ስሪ ሳክስ» ብለው ያበዛሉ። ይህ ሁሉ በሰሊጥ ተራ በየዕለቱ የሚሰማ ነው።

ወደ ቃላት ብንመለስም ከዚህ የተለየ አናገኝም። «ኤ ለአፕል» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው፤ የቆላው ልጅ ግን ፖም ከማወቁ በፊት ሰሊጥ ያውቃል። የእንግሊዝኛው «ሰሰሚ» እና የዐረብኛው «ሲምሲም» ከአንድ የሴም ሥር የወጡ ናቸው፤ «ኮተን» ከዐረብኛው የጥጥ ስም የተወሰደ ነው፤ «ሹገር»፣ «ሱከር» እና ስኳርም ዘመዳሞች ናቸው። ይሁን እንጂ መመሳሰል እንደሚያሳስት ማስጠንቀቅ ይገባል። በእኛ ዘንድ «ሀይላንድ» የታሸገ ውሃ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ደጋ ማለት ነው።

የእንግሊዝኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የሚሉ አሉ። ተማሪው ቋንቋውን ብዙ መስማትና መናገር አለበት ማለታቸው እውነት ነው፤ በአማርኛ ሐተታ ክፍለ ጊዜውን የሚጨርስ መምህርም ይነቀፋል። ነገር ግን ከወሰኑ ማዶ የነበረ አንድ ሰው ምሳሌ ይሁነን። በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ሹም የነበረው ሲ. ኤች. አርምብሩስተር «ኢኒሺያ አምሃሪካ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰዋስዉ በ1908፣ መዝገበ ቃላቶቹ በ1910 እና በ1920 እ.ኤ.አ. ወጡ። አማርኛን ለአገሩ ሰው ያስረዳው በእንግሊዝኛ ነበር። ለእንግሊዙ ጀማሪ የተገባው ለመተማው ጀማሪ ስለ ምን ይከለከላል? በጎንደር የሰዋስው ጉባኤም ግእዝ የሚማር ደቀ መዝሙር የግሡን ፍቺ በአማርኛ ይቀበላል። ሰዋስው መሰላል ማለት ነው፤ እግሩም ተማሪው በቆመበት መሬት ላይ ማረፍ አለበት።

ይህ አሳባችን ወሰን አለው። አፉን በጉሙዝኛ ለፈታ ልጅ፣ ከአማርኛ ጋር ማነጻጸር አንዱን ባዕድ በሌላ ባዕድ ማስረዳት ሊሆንበት ይችላል፤ ጉሙዝኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን አይደለምና። በዚህ ጊዜ መምህሩ «በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» ብሎ ልጁን መጠየቅ አለበት። መልሱ ለመምህሩ ራሱ ትምህርት ይሆነዋል።

ስለዚህ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ለሚያስተምሩ መምህራን የሚያስፈልገው፣ አማርኛው፣ ዐረብኛውና ጉሙዝኛው ከእንግሊዝኛ ጋር የሚገጥሙበትንና የሚለያዩበትን በየአርእስቱ የሚያሳይ አጭር መጽሐፍ ነው። ይህን ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያሻም። ቋንቋ የምናጠና ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ቆላ ወርደን የልጆቹን ስሕተት በትዕግሥት ብንመዘግብ፣ መምህራኖቻችንም ቢያርሙን፣ ሥራው ሊጀመር ይችላል።