ሐውልትና ወራሪ መንግሥት፤ ስለ ስድስት ኪሎው ደረጃ የቀረበ አስተያየት

የሥነ ጥበብ መጻሕፍት የጥንቱን የሮማ ቅርጽ ሲያስተምሩን ስለ ልኩ፣ ስለ ልብሱ እጥፋትና ስለ ፊቱ ጸጥታ ብዙ ይናገራሉ። ማን እንዳቆመውና በማን ፊት እንዳቆመው ግን እምብዛም አይጠይቁም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ገዛ ግቢያችን ልናመጣው እንወዳለን።

ከቦሌ አራብሳም ሆነ ከሌላው የከተማ ዳርቻ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመጣ ተማሪ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጠገብ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ቆሞ ያገኛል። ደረጃውን የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1922 ጀምሮ ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ከቆየባቸው ዓመታት አንዱን ያመለክታል። ስለዚህ የተሠራው ሰው እንዲወጣበት ሳይሆን፣ ተመልካቹ የገዢውን ዘመን እንደ ራሱ ዘመን አድርጎ እንዲቈጥር ነው።

ይህ ብልኀት አዲስ አይደለም። አውግስጦስ ቄሣር ግብፅን ከያዘ በኋላ የዚያችን አገር ሐውልት ወደ ሮማ አስመጥቶ ተክሏል፤ የራሱም ምስል በየግዛቱ እንዲቆም ሆኗል። ሙሶሊኒም ፈለጉን ተከተለ። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነው የአክሱም ሐውልት፣ ወድቆ ከተሰበረበት ተጭኖ ሄዶ በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮማ የገሠገሡበት 15ኛ ዓመት ሲከበር በዚያች ከተማ ቆመ። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳም ተወስዶ፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ለሞቱት የኢጣልያ ወታደሮች በተሠራው መታሰቢያ ሥር ተቀመጠ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ደግሞ ከአራዳ ተነቀለ። እንግዲህ የወራሪው ሥራ ሦስት ነው፤ መንቀል፣ መውሰድ፣ የራሱን መትከል።

ሆኖም ፍርዳችን ወደ ራሳችን ማድላት የለበትም። ምኒልክን በፈረስ ላይ የሚያሳየው ሐውልት የጀርመናዊ፣ የባቡር ጣቢያው አንበሳ የፈረንሳዊ ቀራጭ እጅ ሥራ ነው። ንጉሥን በፈረስ ላይ አድርጎ በከፍታ ማቆምም ከሮማ የተወረሰ ልማድ ነው። ስለዚህ ክፋቱ በቅርጹ ውስጥ አለ ለማለት አንደፍርም፤ ቅርጹ የቆመበትን ዓላማ እንመርምር እንላለን።

ደረጃው ይፍረስ የሚል ቢኖር በሐሳቡ አንስማማም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የኩሽ ሰዎች የአውግስጦስን የነሐስ ራስ ማርከው፣ በመርዌ ከቤተ መቅደስ መግቢያ ሥር ቀበሩት፤ የገባ ሁሉ እየረገጠው ያልፍ ነበር። በስድስት ኪሎ ደግሞ ከነጻነት በኋላ የይሁዳ አንበሳ በመጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጠ። አንዱ ከእግር በታች አደረገ፤ ሌላው ከላዩ ተቀመጠበት። እርከኖቹ ቢፈርሱ አንበሳው ማንን ድል እንዳደረገ የሚመሰክርለት አይኖርም።

የዚህንም ምስክርነት ዋጋ የአክሱም ሐውልት ታሪክ ያስረዳናል። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል፣ ኢጣልያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዝ ነበር። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.፣ በቦታው የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ድንጋዩ ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እርሱን ለመመለስ ይህን ያህል ዘመን ባላስፈለገ ነበር።