ምጣዱን ማን ሠራው?

ሸክላ ሳስተምር የምጀምረው ከአበባ ማስቀመጫ ሳይሆን ከምጣድ ነው። በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ ምጣድ የማያውቅ ልጅ የለም። «የእናንተን ቤት ምጣድ ማን ሠራው?» ብዬ ስጠይቅ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ የሚነግረኝ አይጠፋም፤ የሠሪዋን ስም የሚጠራልኝ ግን አላገኘሁም። ጥበብን ከማኅበረሰብ እናገናኝ ሲባል ብዙዎቻችን ዐውደ ርእይና የአደባባይ ሐውልት ይታየናል። ሸክላ ግን ከሕዝቡ ጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ከሕዝቡ የተለየችው ሠሪዋ ናት።

በሠራችው ድስት ወጣችንን እየሠራን፣ በጀበናዋ ቡና እያፈላን፣ እሷን ግን ቡዳ ናት እያልን ከማዕድና ከጋብቻ ስንሸሻት ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ድምፁን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግረው ሲወርዱ የሚያገኟቸው የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

እኔ ደግሞ የማውቀው፣ እነዚህ እናቶች የያዙት እውቀት ስንት የትምህርት ዓይነት እንደሚሞላ ነው። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን አይሠራም። አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ይገባበታል። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ አይኮማተርም፤ ጭቃውን ይይዘዋል፣ እንፋሎቱም የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። አንዲት ተማሪ የፈነዳ ጀበናዋን ይዛ «እማማ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብትል፣ እማማ «ውኃው ሳይወጣለት እሳት አሳየሽው፣ ልጄ» ይሏታል። የፊዚክስ መምህሩ ይህንኑ፣ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ስለሚያድግ ነው ብሎ ያስረዳል። ከዚያም በአሸዋው ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ 573 ዲግሪ ላይ በድንገት ስለሚለጠጥ እሳቱ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ቀስ ብሎም መውረድ አለበት። እማማ ቴርሞሜትር የላቸውም። የፍሙን ቀለም ያያሉ፣ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ እበትና ቅጠሉን በዚያው ልክ ይጨምራሉ። ምጣዱ ከተተኮሰ በኋላ ሲሟሽ የጎመን ዘሩ ዘይት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ከሥሩ ሽቦው የሚተኛበት ቦይ የወጣለት ሸክላ ነው። መብራት ሲመጣ ሙያው አብሮ መጣ።

ስለዚህ እማማ በትምህርት ቤት ግቢ ለበዓል ቀን ብቻ የሚጋበዙ ማሳያ መሆን የለባቸውም። መምህርት ናቸው፤ ደመወዝም ይገባቸዋል። ናይጄሪያ ይህን ቀድማ አይታዋለች። ማድጋ መሥራትን ከአክስቷ የተማረችው ላዲ ክዋሊ እ.ኤ.አ. በ1954 የአቡጃን የሸክላ ማሠልጠኛ ተቀላቀለች፤ በ1977 አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፤ ዛሬ ምስሏ በ20 ናይራ ኖት ላይ አለ። እኛም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለን። ከዚያ የሚመረቅ ቀራፂ አንድ ክረምት ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ቁጭ ብሎ ጭቃ ቢረግጥ፣ ሥራውን ሲያሳይም ስማቸውን ከስሙ እኩል ቢጽፍ እወዳለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቦታው ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሜዳው በየጊዜው ይታጠራል፣ ሕንፃ ይቆምበታል። አፈር የሚቆፈርበት ሲታጠር ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በገንዘብ ትገዛለች፤ ጎረቤት ሲበዛ ደግሞ ጭሱ ክስ ያስነሣል። የከተማው ፕላን ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሚለይ ሁሉ ለአፈር መቆፈሪያና ለጋራ መተኮሻ የሚሆን መሬት በየወረዳው ይለይ፤ መተኮሻውም ልጆች ሄደው የሚማሩበት ሆኖ ከትምህርት ቤት ብዙ አይራቅ።