ሳናያት የገጠምንላት ድንቅነሽ

በወጣቶች ኅብረታችን የግጥም ምሽት ላይ ስለ ሰው አመጣጥ ሁለት ግጥሞች ቀርበው ነበር። አንደኛው «የዝንጀሮ ልጅ አይደለሁም» እያለ ይዘልፋል፤ ሁለተኛው ድንቅነሽን «እማማ» ብሎ ባንዲራ ያለብሳታል። በመጀመሪያው አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ ሳነባቸው ግን ሁለቱም አንድ ድካም ነበረባቸው፤ ገጣሚዎቹ የሚናገሩለትን አጥንት አላዩትም።

ለማየት ሩቅ አይደለም። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ጥቂት ሽቅብ በእግር፤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። (የታክሲው ሰልፍ ከጉብኝቱ ሊረዝም ይችላል።) ለእይታ የቀረበው ቅጂ ነው፤ ዋናው ተቆልፎ ይጠበቃል። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ያገኟት ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ የተሰጣት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 የማይርቅ ናት። የተገኘው የአፅሟ 40 በመቶ ያህል ነው።

የመጀመሪያውን ግጥም የሚያፈርሰው ጉልበቷ ነው። የጭን አጥንቷ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄድ ፍጡር አሠራር ነው። የቺምፓንዚ ጭን እንዲህ አይደለም። ደግሞም የዛሬው ዝንጀሮ አያታችን ነው የሚል ተመራማሪ የለም፤ የሚሉት ከጥንት የጋራ ዘር ተለያየን ነው። መቃወም የሚፈልግ የተባለውን ይቃወም። ሰው በእግዚአብሔር መልክ እንደ ተፈጠረ አምናለሁ፤ የዘፍጥረትን ቀናት እንዴት እንደምንረዳ ግን በመካከላችን አንድ አሳብ የለም፣ በዚህ ገጽም አልፈታውም። በሐሰት አለመመስከር ግን ለሳይንቲስትም የሚገባ ትእዛዝ ነው።

«እማማ» ባዩስ? እርሱም ቸኩሏል። የወገኖቿ አንጎል ከእኛ ሢሶ ያህል ነበር፤ ዘራቸው በቀጥታ ወደ እኛ ይደርስ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ገጣሚው ግን ቤት እንዲመታለት ክርክሩን ዘግቶታል።

ማንም ያልገጠመላት ሰላም ናት። በ1993 ዓ.ም. የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። አጥንቷ በድንጋይ ተይዞ ስለነበር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ዓመታት ፈጀበት። የገጣሚ ትዕግሥት ብዬ የማስተምረው ይህንን ነው። አንድ ቃል ለመለወጥ አንድ ምሽት የማይታገሥ፣ ስለ ሚሊዮን ዓመታት ምን ይነግረናል?

በዚያ ምሽት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ የምታጠና እኅታችን በሩ ላይ ጠብቃኝ፣ «መምህር፣ የሳቃችሁት እኔ በምማረው ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

ለመጪው ምሽት በዚህ ርእስ የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ አምስት ኪሎ ደርሶ ይምጣ ብያለሁ። አብራን ሄዳ እንድታስረዳን እኅታችንን በስልክ ጠይቄአታለሁ። «አስብበታለሁ» አለች።