ሁለት ዓይን ያለው ዘማች

ፈረንጆች አውራ ጣት የምታህል፣ 28 ሚሊሜትር የቫይኪንግ ተዋጊ አሻንጉሊት ቀለም ቀብተው ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይጫወታሉ። ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ዓይኑ ነው አሉ፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ጀግናው ይንሸዋረራል።

እኔን ያስታወሰኝ ደሴ፣ አያቴ ሳሎን ተሰቅሎ የኖረውን የአድዋ ሥዕል ነው። ሸራው በሰው ታጭቋል፤ ሠዓሊው ግን ለአንዱም አልሰነፈም። መጀመሪያ የዓይኑን ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁሯን ነጥብ፣ ከዚያ ቅንድቡን በአንድ ትንፋሽ። ጋሻው ላይ ያለችው ጌጥ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፣ እሷም ቀለሟን አግኝታለች። የእኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ጣሊያኑ በጎን ዞሮ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ወግ ነው፤ ተንኮሉን እወድለታለሁ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኞች ይዘው አድዋ ላይ ነበሩ። “የትኞቹ ናቸው?” ስላቸው አያቴ በከዘራቸው ይጠቁሙኛል፤ የሚጠቁሙት ግን በየጊዜው ሌላ ፈረሰኛ ነበር። መጽሐፍ ውስጥ ተራው ዘማች ቁጥር ነው። እዚህ ፊት አለው፤ ጥግ ላይ የተጨናነቀው ነጋሪት መቺ እንኳ ቀና ብሎ ያየናል።