ስልት ያለ ኑሮ

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ትርዒት ላይ በዲጂታል ጥበብ ዘርፍ አንደኛ የወጣው የጄሰን አለን ሥዕል በዋናነት የተገኘው ከብሩሽ ሳይሆን ሚድጆርኒ ለተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከተሰጠ የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። አቅራቢው ትእዛዙን ቢያንስ 624 ጊዜ እያሻሻለ እንደ ጻፈ ገልጿል። ይህን ድካም መካድ አይገባም፤ ሆኖም ድካሙ ይበልጡን የመምረጥ እንጂ የመሣል አይደለም።

በሥዕሉ ካባ የደረቡ ሰዎች በግዙፍ ክብ መስኮት በኩል ብርሃናማ አገር ይመለከታሉ። ድምቀቱ ዓይን ይማርካል፤ ሰዎቹ የሚሹት ነገር ግን አይነበብም። ቅርጹ ሞልቶ ይዘቱ ጎድሏል።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም «በቫን ጎግ ስልት» ሲባል የሚሽከረከር ሰማይ ወዲያው ያቀርባል፤ ከብዙ ሠዓልያን ሥራ ተምሯልና። ቫን ጎግ ግን በ1885 «ድንች ተመጋቢዎች»ን ሲሥል መሬት የቆፈረውን የገበሬ እጅ በጨለማ ቀለማት አጥንቷል፤ ወደ ደማቁ ቀለም የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስልቱ ከኑሮው ጋር አብሮ አደገ።

የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በ2023፣ አቅራቢው ማሽኑ የሠራውን ክፍል ለይቶ ለመተው ባለመፍቀዱ፣ ሥዕሉን ሳይመዘግብ ቀርቷል። ሐያሲና መምህር ግን ከባለቤትነት ጥያቄ አልፈው፣ ስልቱን የወለደው ኑሮ በሥዕሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን መመርመር ይጠበቅባቸዋል።