ቺንጋውን ማን በላው?

«እንዳታጠፋው!» አለኝ ገና ከመኪናው ሳልወርድ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ወደ አምቦ ስጓዝ ከቡራዩ ጀምሮ ያልተለየኝ ሲር የሚል ጩኸት ነው፤ የሆለታ የጠዋት ብርድ ደግሞ አብሶታል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ። ምንም አልነካም። እኔ የማውቃቸው መካኒኮች መጀመሪያ ቁልፍ ያነሳሉ፤ ይኼኛው ሰማ።

ትንሽ ቆይቶ ረዳቱን ውሃ አስመጣና እየዞረ ባለው ቺንጋ ላይ ጥቂት ጠብ አደረገበት። ጩኸቱ ባሰ። «ውሃው ለጊዜው ዝም ቢያሰኘው ኖሮ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ፑሌጃዎች አንዱ ከመስመር ወጥቷል እልህ ነበር» አለኝ፤ «ከባሰበት ግን ላልቷል፤ እየተንሸራተተ ነው። አሁን አጥፋው።»

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ2004 ኮሮላ ናት። በድሮዎቹ ሞተሮች ለዲናሞው አንድ፣ ለመሪው ሌላ ቺንጋ ነበረ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ያዘልቅሃል። በዚህኛው ሞተር ግን ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕረሰር የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ሲበጠስ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፣ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ውሃው መዞሩን ትቶ ሞተሩ ይፈላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ።

ስንጥቅ ፈለግሁ፤ የለም። ቺንጋው ለዓይን ደህና ነው። መካኒኩ ግን ጥፍሩን በጎድጎዱ ውስጥ አስገብቶ እየሳበ አሳየኝ፤ የጥርሶቹ ጎን ተበልቶ ጎድጎዱ ሰፍቷል። የድሮው የኒዮፕሪን ቺንጋ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ስለነበር ዓይናችን ስንጥቅ መፈለግ ለምዷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ግን እምብዛም አይሰነጠቅም፤ እንደ መኪና ጎማ ቀስ እያለ ያልቃል። ጥርሱ ሲሳሳ ፑሌጃው ውስጥ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በጎኑ መንከስ ሲገባው መሬት ይነካና ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ ቺንጋ አስሮ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሸኛል። እሱ ግን «ቺንጋውን ማን በላው?» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለረዳቱ፣ እንደ መምህር። «እሱን ካላወቅን አዲሱንም ይበላዋል።» ልጁ 19 ቁጥር ቁልፍ ቺንጋውን ወጥሮ በሚይዘው ቴንሽነር ላይ አስገብቶ ገፋው። ክንዱ ያለ ምንም እምቢታ ሄደ፤ ሲለቀውም እየተንገጫገጨ ተመለሰ። የዚህ ሞተር ቴንሽነር ውስጡ ዘይት ያለበት ትንሽ ሾክ አብዞርበር ነው፤ ከሥሩ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ይታያል። በላተኛው ተገኘ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሆለታ አደርኩ።

በማግስቱ ያየሁት ነው ይህን ያስጻፈኝ። ቺንጋው ከመውለቁ በፊት ልጁ አካሄዱን በካርቶን ላይ ሣለ፤ በየትኛው ፑሌጃ በጥርሱ፣ በየትኛው በጀርባው እንደሚያልፍ። ከዚያ አስቸጋሪው መጣ። የቴንሽነሩ ረጅም ብሎን ሲፈታ ከመኪናው አካል ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ አይወጣም። በዘይት ኮፓው ሥር ክሪክ ገባ፤ በክሪኩና በኮፓው መካከል ደግሞ ወፍራም ጣውላ፣ ብረቱ እንዳይጎደጉድ። የሞተሩ መያዣ ተፈታ። «ሱታ!» አለ ሰውየው በኦሮምኛ፣ ቀስ በል ማለቱ ነው፤ «ሱታ፣ ሱታ!» ክሪኩ በጣት ስፋት በጣት ስፋት ተነሣ። በመዶሻ የተመታ ነገር የለም። ብሎኑ ቦታውን ሲያገኝ ራሱ እንደፈለገ ሁሉ ወጣ።

ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፤ ጋራዡ ውስጥ የሚጠራው አብዛኛው የጣሊያን ቃል ነው። ሆለታ ግን በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ከተማሪዎቹ በርካቶቹ ጣሊያንን ተዋግተዋል። ጣሊያን ወጣ፣ ቃሉ በጋራዡ ቀረ።

አሮጌው ቺንጋ ወልቆ ሳለ እያንዳንዱን ፑሌጃ በጣቱ አዞረ። የዲናሞው ኩሽኔታ ይንኮሻኮሽ እንደሆነ፣ የውሃ ፓምፑ ወዲያ ወዲህ ይል እንደሆነ፣ ያለ ቺንጋ ካልሆነ አይታወቅም። ጎድጎዶቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረገ። አዲሱንና አሮጌውን ቺንጋ አንድ ምስማር ላይ ሰቅሎ አስተያየ፤ ጥርሳቸውን ቆጠረ። ብሎኖቹ እስኪቆሙ ድረስ በጣት ብቻ ገቡ። ማጥበቂያው ላይ ሲደርስ በእጁ ግምት የሚጨርስ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ይኼን አድንቄ ለመጻፍ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል ቁልፍ አወጣ። «እጅ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው» አለኝ።

ቺንጋውን አስገብቶ ሲያበቃ ቴንሽነሩን በድንገት አልለቀቀውም፤ እየሸኘ አሳረፈው። በየፑሌጃው ጠርዝ ጣቱን አሳለፈ፤ አንዲት ጥርስ ከዳር ተንጠልጥላ ብትቀር ቺንጋው ቶሎ ይተለተላል። ሞተሩንም ከማስነሳቱ በፊት በቁልፍ ሁለት ዙር በእጁ አዞረው። ከዚያ በኋላ ነው «አስነሳ» ያለኝ።

ዝም አለ። መብራት አስበራኝ፣ ኤሲ አስከፈተኝ፣ መሪውን አስጠመዘዘኝ፤ ደግሞ ውሃውን ጠብ አደረገ። ዝም። ስለ ጋራዡ ወለል ጭቃ የምለው ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። «ከአምቦ ስትመለስ አሳየኝ» ብሎ ሸኘኝ።

ስመለስ ቆሜ፣ በልማድ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ቅር አለው፤ እንደገና አስነሥቼ እስኪሰማው ጠበቀ። በሆለታ የምታልፉ፣ እሱ ዘንድ ከገባችሁ ቁልፉን አትንኩ፤ መጀመሪያ መስማት ይፈልጋል።